የአውሮራ ከተማ የውሃ አገልግሎት ከግንባታ ፈቃዱ ጀምሮ ሲመዘን

ስለ ውሃ አገልግሎት የሚጻፍ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በቧንቧው ግፊት፣ በውሃው ጣዕምና በየወሩ በሚመጣው ሂሳብ። በእነዚህ ብቻ ከተመዘነ በኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው የአውሮራ ከተማ የውሃ አገልግሎት እምብዛም አያከራክርም። ውሃው በፈረቃ አይመጣም፣ ሳይፈላ ይጠጣል፣ የቡናንም ሆነ የሻይን ጣዕም አያበላሽም። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ እስኪሞላ እየጠበቀ ያደገ ሰው ይህን ካገኘ በኋላ ሌላ ጥያቄ የማንሣት ፍላጎት ላይኖረው ይችላል። እኔ ግን አገልግሎቱን ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከመሬት ዕቅዱ ጀምሬ ልመዝነው እፈልጋለሁ። ደረቅ ምድር ላይ በፍጥነት በሚያድግ ከተማ ውስጥ ነዋሪው ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያህል ውሃ፣ በምን ያህል ዋጋ እንደሚያገኝ የሚወሰነው ገና ቤቱ ሳይሠራ፣ ‹‹እዚህ ሜዳ ላይ ስንት ቤት ይሠራ? በዙሪያውስ ምን ይተከል?›› የሚለው ጥያቄ መልስ በሚያገኝበት ጠረጴዛ ላይ ነውና።

አውሮራ ከዴንቨር በስተምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ በሕዝብ ብዛት በኮሎራዶ ሦስተኛ የሆነች ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 386,261 ነዋሪዎች ነበሯት፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ብዛት ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖርባት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱና የእንጀራ መሸጫው በየመንገዱ የሚታይባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር አዲስ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ብዙ የአማርኛ አንባቢዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ 380 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ይህ ነው የሚባል ትልቅ ወንዝም በመሐሏ አያልፍም። ስለሆነም በቧንቧዋ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ከሮኪ ተራሮች በረዶ የቀለጠ፣ አንዳንዱም 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርስ ነው። ግማሽ ያህሉ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ተፋሰስ ሲመጣ፣ የቀረውን የአርካንሳስና የኮሎራዶ ወንዞች ተፋሰሶች በግምት እኩል ይካፈሉታል። የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ የሚመጣው ከተራራው ማዶ በመሆኑ፣ ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍ ዋሻ አማካይነት ወደዚህኛው ወገን እንዲሻገር ይደረጋል።

ከተማዋ ይህን ያህል ርቃ ውሃ ፍለጋ የሄደችው ወዳ አልነበረም። ዴንቨር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ከተወሰነ መስመር ውጭ ላሉ አዳዲስ ሰፈሮች ውሃ እንደማትሰጥ ስትወስን፣ እስከዚያ ድረስ ከዴንቨር ውሃ ትገዛ የነበረችው አውሮራ ዕድገቷን ማቆም ወይም የራሷን ምንጭ መፈለግ ግድ ሆነባት። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ጋር በመሆን ከተራራው ማዶ ውሃ የሚያሻግረውን ሆምስቴክ የተባለ ፕሮጀክት የሠራችው ከዚህ በኋላ ነው። ያ የዴንቨር ውሳኔ በወረቀት ላይ የውሃ ውሳኔ ቢመስልም፣ በተግባር የትኛው መሬት እንደሚለማና የትኛው ሜዳ ሆኖ እንደሚቀር የሚወስን የመሬት አጠቃቀም ሕግ ነበር። በዚህ አካባቢ ውሃና መሬት በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ይተዳደሩ እንጂ ተለያይተው አያውቁም።

የከተማዋ የውሃ አስተዳደር አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከ2002ቱ ድርቅ በኋላ ነው። በዚያ ድርቅ ምክንያት በ2003 መጀመሪያ የከተማዋ ማጠራቀሚያዎች ከጠቅላላ አቅማቸው ወደ 26 በመቶ ወርደው፣ የቀረው ውሃ ለወራት ብቻ የሚበቃ ሆኖ ነበር። ለዚህ ቀውስ የተሰጠው መልስ ፕሬሪ ዋተርስ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት አውሮራ ለነዋሪዎቿ ከምታቀርበው ሁሉ በላጩ ሥራ ይህ ነው። በ2010 ተጠናቅቆ ሥራ ሲጀምር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአውሮራ ቤቶች ውስጥ አገልግሎት የሰጠው ውሃ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ከታከመ በኋላ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይለቀቃል። ከዚያም ከዴንቨር በስተሰሜን፣ ብራይተን በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር የተቆፈሩ ጉድጓዶች ያንኑ ውሃ በአሸዋና በጠጠር ውስጥ እያሳለፉ ይስቡታል። አሸዋው ውስጥ የሚቆይባቸው ቀናት የመጀመሪያው ማጣሪያ ናቸው፤ ለዚህ ማጣራት ኬሚካልም ሆነ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ የለም። ውሃው ቀጥሎ በዙሪያው ከመሬት በታች ግድግዳ በተሠራለት ስፍራ እንደገና ወደ አሸዋው እንዲሰርግ ተደርጎ፣ እንደገና ተስቦ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ በሦስት የፓምፕ ጣቢያዎች ኃይል ሽቅብ ወደ አውሮራ ይመለሳል። በአውሮራ ማጠራቀሚያ ሐይቅ አቅራቢያ በተሠራው ዘመናዊ ጣቢያ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በከሰል ከተጣራ በኋላ ከተራራው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቤት ይገባል። ‹‹የፍሳሽ ውሃ ታጠጡናላችሁ ማለት ነው?›› ብሎ የሚደነግጥ ሰው ይኖራል። ይሁንና ወንዝ ዳር ያሉ ብዙ ከተሞች ከላይ ያለው ከተማ የለቀቀውን ውሃ ነው የሚጠጡት፤ አውሮራ ልዩነቷ ይህንኑ በግልጽ፣ በዕቅድና በበርካታ የማጣራት ደረጃዎች ማድረጓ ነው።

ሥርዓቱ ሊሠራ የቻለው በኮሎራዶ የውሃ ሕግ ምክንያት ነው። በዚህ ግዛት ውሃ ላይ ያለ መብት ‹‹ቀድሞ የተጠቀመ ቅድሚያ ያገኛል›› በሚል መርህ ይተዳደራል። በወንዙ ውሃ ቀድሞ መጠቀም የጀመረ ሰው፣ ድርቅ ሲመጣ ከእሱ በኋላ የመጣው ባዶ እጁን ቢቀርም ድርሻውን በሙሉ ይወስዳል። በዚያው ተፋሰስ የተገኘ ውሃ አንድ ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ ወደ ወንዙ የሚመለሰው ለታችኛው ባለመብት ነው። ከሌላ ተፋሰስ ተሻግሮ የመጣ ውሃን ግን ባለቤቱ ተጠቅሞ እስኪጨርሰው ድረስ ደጋግሞ ሊጠቀምበት ይፈቀድለታል። አውሮራ ከተራራው ማዶ ያመጣችውን ውሃ እንደገና መልሳ የመሳብ መብት ያገኘችው ከዚህ ነው። የሕጉ ጥብቀት ለተራ ነዋሪም ይተርፋል፤ ከገዛ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ለአብዛኛው ቤት የተፈቀደው በ2016 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በሁለት በርሜል፣ በድምሩ ከ110 ጋሎን እንዳይበልጥ ገደብ ተደርጎበታል። ጣሪያ ሥር ባልዲ መደርደር ልማድ ከሆነበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ጉድ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ሕጉ የሚያስበው በወንዙ ታች ላለው ገበሬ ድርሻ ነው።

እስካሁን የተባለው ስለ አቅርቦቱ ነው። የአገልግሎቱን እውነተኛ ጥራት የሚያሳየው ግን በፍላጎቱ በኩል የተወሰደው እርምጃ ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው ባለጉዳይ ሣር ነው። በዚህ አካባቢ የቤቶች ዓመታዊ የውሃ ፍጆታ ግማሽ ያህሉ ውጭ፣ በአብዛኛው ለሣር ይፈሳል። በየቤቱ ደጃፍ የሚታየው ኬንታኪ ብሉግራስ የተባለው ሣር ዝናብ በማያንስበት ቦታ የሚመች ተክል በመሆኑ፣ እዚህ አረንጓዴ ሆኖ እንዲከርም ከተፈለገ በዓመት ከሰማይ ከሚወርደው የሚበልጥ ውሃ በስፕሪንክለር ሊጨመርለት ይገባል። ማንም አይሮጥበትም፣ ማንም አይቀመጥበትም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚረግጠው የሣር ማጨጃ የሚገፋው ሰው ብቻ ነው። አንድ ከተማ ሺህ አዳዲስ ቤቶችን እንዲህ ዓይነት ሣር አንጥፈው እንዲሠሩ ከፈቀደ፣ የዚያ ሣር ጥም ለሃምሳ ዓመት አብሮት ይኖራል ማለት ነው።

የአውሮራ ምክር ቤት በ2022፣ ከንቲባ ማይክ ኮፍማን ያቀረቡትን ሐሳብ ተቀብሎ ያጸደቀው ደንብ ይህን ነጥብ የጨበጠ ነው። በደንቡ መሠረት አዲስ በሚሠሩ ሰፈሮች የቤት ፊት ለፊት፣ የመንገድ አካፋይና የጋራ ቦታዎች በእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ወዳድ ሣር አይሸፈኑም። በጓሮ በኩል የሚፈቀደው ከጓሮው 45 በመቶ ወይም 500 ስኩዌር ጫማ፣ ከሁለቱ አነስተኛው ነው። አዲስ የጎልፍ ሜዳም በዚህ ሣር ሊሠራ አይችልም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱባቸው መናፈሻዎች ግን አልተነኩም። ይህ ልዩነት አስተዋይነት የታየበት ይመስለኛል፤ ክልከላው ያረፈው ጥቅም በማይሰጠው ሣር ላይ ብቻ ነውና። ግዛቱም ዘግይቶ በዚሁ መንገድ መጥቷል። በ2024 የጸደቀው የኮሎራዶ ሕግ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ በንግድና በተቋማት ግቢዎች፣ በመንገድ አካፋዮችና በቤት ባለቤቶች ማኅበራት የጋራ ቦታዎች ለጌጥ ብቻ የሚነጠፍ አዲስ ሣርን ከልክሏል።

ከደንቡ በፊት ለተሠሩ ቤቶች ያለው መንገድ ማበረታቻ ነው። ከተማዋ ሣራቸውን ነቅለው ውሃ ቆጣቢ ተክል ለሚተክሉ ነዋሪዎች የገንዘብ ድጎማ የምትሰጥበት ፕሮግራም ያላት ሲሆን፣ ነጻ ትምህርትና የንድፍ እገዛም ታቀርባለች። የድጎማው መጠንና ሁኔታ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ከከተማዋ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ በዚህ መንገድ የፊት ለፊቱን ሣር አስነሥቼ ባፋሎ ግራስ የተባለውን የአገሬውን ሣር አስተክያለሁ። ከጎኑም በጠብታ መስኖ የሚጠጣ የጎመንና የቃሪያ መደብ አለ። በትምህርቱና በንድፉ እጅግ ረክቻለሁ። የትኛው ተክል ከየትኛው ጋር አንድ ዓይነት ጥም እንዳለው፣ የጠብታው ቱቦ ከግንዱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ የጓሮ አትክልት ለምን ከጌጡ ተክል ተለይቶ በራሱ መስመር መጠጣት እንደሚገባው በዝርዝር ያስረዳሉ። በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ያለው የውሃ ቆጣቢ ተክሎች ማሳያ ስፍራም በነጻ ይጎበኛል። በወረቀት ላይ ስሙ ብቻ የሚታወቅን ተክል በአካል፣ ከነቁመቱና ከነስፋቱ ማየት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ያልረካሁት ሥራውን በሠራልኝ ሰውና በሰፈሬ ማኅበር ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ሥራ ተቋራጭ ከጠጠሩ ሥር ጥቁር ፕላስቲክ አነጠፈ። ይህ አሠራር አረም ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ ቢሆንም፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ነፋስ ያመጣው አፈር ከጠጠሩ ላይ ተከማችቶ አረሙ ከላይ በቀለ፤ ከሥር ያለው አፈር ደግሞ ዝናቡ ስለማይደርሰው ደረቀ። ጠጠር ብቻውን የሞላበት ግቢ በሐምሌ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሙቀቱም ግድግዳውን አልፎ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ‹‹ውሃ ቆጣቢ›› ማለት ድንጋይ ማፍሰስ አለመሆኑን፣ ከሥር ፕላስቲክ የሌለው የእንጨት ፍቅፋቂና ጥቅጥቅ ያለ ተክል እንደሚሻል ለሚያሠራው ሰው አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ መንገር ይገባል።

የማኅበሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኤች ኦ ኤ የምንለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሚያዝያ ወር ‹‹ሣርዎ ስለሞተ በአስቸኳይ ይተኩ›› የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ። ባፋሎ ግራስ የሙቀት ወቅት ሣር ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው በግንቦት አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ በመጸው የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታው ወደ ገለባ መልክ ይመለሳል። አልሞተም፤ ተኝቶ ነበር። ይህን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከፎቶግራፍ ጋር ጻፍኩ፣ ጉዳዩም በዚያው ቆመ። በዚህ ረገድ ሕጉ ከነዋሪው ጎን ነው። የኮሎራዶ ሕግ ማኅበራት ውሃ ቆጣቢ አተካከልን እንዳይከለክሉ ካገደ ቆይቷል፤ በ2023 የወጣው ሕግም ማኅበራቱ ነዋሪው ሊመርጣቸው የሚችሉ፣ አስቀድመው ያጸደቋቸው የአተካከል ንድፎች እንዲኖሯቸውና የጓሮ አትክልትን እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ‹‹የፈረንጅ ሕግ ነው›› ብለው መልሰው ብሉግራስ ያስነጠፉ ጎረቤቶች አሉኝና፣ መብቱ መኖሩን ማወቅ ብቻውን ገንዘብ ያድናል።

ዋጋን በሚመለከት አጭር መሆን ይቻላል። የውሃ ታሪፉ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር በጋሎን የሚከፈለው እየጨመረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ለቤት ውስጥ ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ ቀላል ሂሳብ ሲከፍል፣ በሐምሌ ሰፊ ሣር የሚያጠጣ ሰው ይሰማዋል። አዲስ ቤት ሲሠራ ገንቢው የሚከፍለው የውሃ ማገናኛ ክፍያ ግን ለብዙዎች የማይታይ ወጪ ነው። ይህ ክፍያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን ውሎ አድሮ በቤቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ገንቢው ብዙ ውሃ የማይፈልግ ግቢ ሲያቅድ ወጪውን የሚቀንስበት አሠራር መኖሩ ተገቢ ነው፤ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ የኩባንያን ዕቅድ የሚቀይረው የሂሳብ ሠንጠረዡ ነውና።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። እሱም ከከተማዋ ቧንቧ ላይ ሳይሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአርካንሳስ ሸለቆ ነው የሚታየው። በሐብሐብና በሜሎን ምርቷ የታወቀችው የሮኪ ፎርድ ከተማ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቀዳሚ የውሃ መብት ነበራቸው። አውሮራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሮኪ ፎርድን ቦይ የውሃ ድርሻ ገዝታ ወደ ከተማ ወስዳለች። በአጎራባቹ ክራውሊ ካውንቲም እርሻውን ያጠጣ የነበረው ውሃ አብዛኛው ለከተሞች ተሸጦ፣ ማሳው ወደ ደረቅ ሜዳነት ተቀይሯል። ሽያጩ በፈቃደኝነት የተደረገ ነው፤ ሻጩ ገበሬም ጥሩ ዋጋ አግኝቷል። ውሃው ከሄደ በኋላ ግን የቀረው ገበሬ፣ የዘርና የማዳበሪያ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱና የካውንቲው ግብር አብረው ይደርቃሉ፤ እነዚህ ደግሞ በሽያጩ ውል ላይ ፊርማ አልነበራቸውም። የተራቆተው መሬት መልሶ በአገሬው ሣር እንዲሸፈን ማድረግም ለዓመታት የሚቆይ፣ ውሃ የሚፈልግ አድካሚ ሥራ ነው።

ከተማዋ ካለፈው አልተማረችም ማለት አይቻልም። በ2024 በኦቴሮ ካውንቲ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ መሬትና ውሃ ስትገዛ፣ ውሃውን ከአሥር ዓመት ውስጥ በሦስቱ ብቻ እንደምትወስድና በቀሩት ዓመታት እርሻው እንደሚቀጥል አስታውቃለች። ይህ ከቀድሞው ‹‹ገዝቶ ማድረቅ›› አንድ እርምጃ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የአካባቢው የውሃ ጥበቃ አስተዳደር ግዢው በ2003 ከአውሮራ ጋር ከተደረገው ስምምነት ጋር ይጋጫል ሲል ተቃውሞታል። በእኔ ዕይታ የአገልግሎቱ ዋነኛ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ባለው ሰፊ ሜዳ ሰፈር በላይ ሰፈር እየተፈቀደ ነው። አዲሶቹ ቤቶች በሣር ደንቡ ቢገዙም፣ የቤቶቹ ብዛት ራሱ ሌላ ውሃ መፈለጉ አይቀርም። የከተማዋ ዕቅድ ስለ አንድ ቤት ፍጆታ በጥንቃቄ ሲናገር፣ የጠቅላላው ፍጆታ ወሰን የት ላይ እንደሆነ ግን በተመሳሳይ ግልጽነት ሲናገር አይሰማም። በፓርክ ካውንቲ ሊሠራ የታቀደውና 93,000 ኤከር ፉት፣ ማለትም 115 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል የተባለው ዋይልድ ሆርስ ማጠራቀሚያም ቢሆን የሚያጠራቅመው ያለውን ውሃ ነው፤ አዲስ ውሃ አይፈጥርም።

ለንጽጽር ያህል የጎረቤቶቿን ሁኔታ ማየት ይጠቅማል። ከአውሮራ በስተደቡብ ባለው የዳግላስ ካውንቲ ብዙዎቹ ሰፈሮች የተገነቡት ዴንቨር ቤዚን በሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ተደግፈው ነው። ይህ ውሃ በጥልቅ ዓለት ውስጥ የሚገኝ፣ ከወሰዱት በኋላ በሰው ዕድሜ ልክ የማይተካ ነው። ግዛቱ ከመሬቱ ሥር ካለው ውሃ በየዓመቱ 1 በመቶው እንዲወጣ ሲፈቅድ መቶ ዓመት ይበቃል በሚል ስሌት ነበር፤ በተግባር ግን ጉድጓዶቹ ከታሰበው ቀድመው ኃይላቸው እየቀነሰ፣ ጥልቀታቸውና የፓምፑ ወጪ እየጨመረ መጥቷል። ካስል ሮክና ፓርከር የመሳሰሉ ከተሞች አሁን በብዙ ወጪ ወደ ወንዝና ወደ ዳግም ጥቅም ውሃ እየዞሩ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዶቹም የአውሮራ ፕሬሪ ዋተርስ የሚተርፈውን ውሃ ዋይዝ በተባለው የጋራ ስምምነት ይገዛሉ። ግዛቱ በ2008 ባወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች በቂ ውሃ መኖሩ ሳይረጋገጥ አዲስ ሰፈር እንዳይፈቅዱ አዝዟል፤ ‹‹በቂ›› የሚለውን መመዘን ግን ለእነርሱው ትቶታል። የ2015ቱ የኮሎራዶ የውሃ ዕቅድም በ2025 ከግዛቱ ሕዝብ 75 በመቶው የውሃ ቁጠባን ከመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ጋር ባዋሐዱ አካባቢዎች እንዲኖር ግብ አስቀምጦ ነበር። በዚህ መለኪያ አውሮራ ከፊት ረድፍ ትሰለፋለች፤ ያለ ማጋነን በመላው አካባቢ ከተሻሉት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ የቀረችው አንዷ የአርካንሳስ ሸለቆ ገበሬዎች ድርሻ ናት።

በዚህ አካባቢ አዲስ ቤት ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ከወለሉና ከኩሽናው በተጨማሪ ሻጩን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ከየትኛው አገልግሎት ነው? የአውሮራ አድራሻ የተጻፈበት ቤት ሁሉ የአውሮራን ውሃ አያገኝም፤ ዳር ዳር ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች በተለየ የውሃ ዲስትሪክት፣ ማለትም ከከተማዋ ውጭ ራሱን በቻለ የውሃ አስተዳደር ሥር ያሉ ናቸው፤ ምንጩ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ የወደፊቱ ታሪፍ ከዛሬው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ዲስትሪክቱ የቧንቧውን ዕዳ በንብረት ግብር ላይ ጨምሮ የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑም ከመፈረም በፊት መታወቅ አለበት። ነባር ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ የሐምሌንና የጥርን የውሃ ሂሳብ ጎን ለጎን ይጠይቅ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግቢው ምን ያህል እንደሚጠጣ ይናገራል።

ሣሩን ለመቀየር ያሰበ ማመልከቻውን በረዶ በሚጥልበት የብርድ ወቅት ያስገባ። ከተማዋ ግቢውን አይታ ሳትፈቅድ ሣሩን መንቀል ወይም ውሃ ከልክሎ ማድረቅ ድጎማውን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ፈቃዱ በእጅ እስኪገባ ድረስ ሣሩ ባለበት ይቆይ። የአገሬው ሣር ዘር የሚዘራው አፈሩ ሲሞቅ፣ ከግንቦት መጨረሻ ወዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መጠጣት ስላለበት የዚያ ወር ሂሳብ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን በበጋ ሙቀት እንኳ አልፎ አልፎ ብቻ ማጠጣት ይበቃዋል። ማኅበር ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ንድፉን አስቀድሞ በጽሑፍ አስገብቶ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበል፤ የሣሩን ስምና አረንጓዴ የሚሆንበትን ወር በማመልከቻው ላይ ቢጽፍ ደግሞ በሚያዝያ የሚመጣውን ደብዳቤ አስቀድሞ መለሰው ማለት ነው።